ለአንድ ቀን የተመለሰው እምቦጭ

የእምቦጭ አበባ ያምራል። ሐምራዊ ነው፤ ከመንገድ ሆኖ ላየው ሰው ውሃው ላይ ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስላል። አጠገቡ ቆመው ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮችን ሁሉ አይቻለሁ። እኔ ግን ያን አበባ ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ነው የምነክሰው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ረዘም ይላል፣ ደስም አይልም።

ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወረድ ብሎ አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች። ስም አላት፤ እኛ ግን "ባሕሯ" ብቻ ነው የምንላት። ከብት የምናጠጣው እሷ ጋ ነው፣ ልብስ የምናጥበው እሷ ጋ ነው፣ በጥምቀት ታቦቱ ወርዶ የሚያድረው እሷው ዳር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እምቦጭ ገባባት። ከጣና በመጣ አሮጌ የዓሣ መረብ ተጠላልፎ ነው የመጣው ይላሉ። መረቡ የማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ብዙም ሳይቆይ ከብቶቹ ውሃ ለመጠጣት አረሙን በአፋቸው መግፋት ጀመሩ፤ ልብስ አጣቢዎቹም ወደ ወንዝ መውረድ ጀመሩ።

ያን ጊዜ እኔ በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። እንጅባራና ዳንግላ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆም ሰልችቶኝ ወደ አባቴ ቤት የተመለስኩ። "ይታይሽ የተማረች ናት" ተባለና የባሕሯ ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። ደመወዝ የለውም፤ ሥራ ፈት ከመባል ግን ያድናል። ደግሞም ተስፋ ነበረኝ። ባሕሯን የሚረዳ ድርጅት ተገኝቷል፣ ገንዘቡ ሲመጣ ጸሐፊዋ ተቀጣሪ ትሆናለች ይባል ነበር።

አባቴ ቄስ አላምረው ይባላሉ። መሬታቸው ቁራጭ ናት፤ ሀብታቸው ቃላቸው ነበር። ከሠፈራችን አብዛኛው ቤት የእሳቸው የንስሐ ልጅ ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ ድንበር የገፋ የሚመልሰው እሳቸው ፊት ነው። አባቴ "ገዝቻለሁ" ካሉ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እሳቸው የገዘቱትን ደን ፍየል እንኳ ዞራ ታልፈዋለች እያሉ ይቀልዱ ነበር። ቀልዱ ውስጥ ኩራት አለበት፤ ቄሳችን እንዲህ ናቸው ማለታቸው ነው።

ድርጅቱ ዛሬ ነገ ሲል አረሙ አልጠበቀንም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ሕዝቡን አስቀምጠው "ባሕሯን የፈጠረልን እግዚአብሔር ነው፤ አረሙን ያመጣነው እኛ ነን። እኛው እናውጣው" አሉ። ደቦ ተጠራ። ጎጥ በጎጥ ተራ ገባን። ረጅም ቀርከሃ ጫፉ ላይ መንጠቆ እያሠሩ፣ በገመድ እየጎተቱ፣ እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ እየገቡ ነቀሉት። አልቅት እግር ላይ ይጣበቃል፤ ሴቶቹ ጨው ይዘው ዳር ላይ ይጠብቃሉ። ቅቅል ድንች በየሳፋው ይመጣል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ይዘፈናል። አባቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከጎረምሶቹ እኩል ይገቡ ነበር። የተነቀለው ሁሉ ከባሕሯ ራቅ ብሎ ጉብታው ላይ ተከመረ።

የመጨረሻው ሸክም ሲወጣ አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው ጉብታውን አሳዩን። "ከዛሬ ጀምሮ ይህን አረም ወደዚህች ውሃ የመለሰ ሰው እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን" አሉ። ሕዝቡ "ይሁን" አለ። እኔም አልኩ። ውሃዋ ሰማዩን መልሳ ስታሳይ ያየናት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው! አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሀብታሙ መጣ።

ሀብታሙ የዚያ ድርጅት አስተባባሪ ነው። ሞተሩን ዳር ላይ አቁሞ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ውሃውን አየ፣ ደግሞ አየ። የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር አያ ስማቸው ቀድሞኝ ወደ እሱ ሄደ። አያ ስማቸው ጨዋታ አዋቂ፣ ምላሱ የተባ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው፤ ይህን ማለት አለብኝ፣ ክፉ ሰው አይደለም።

"አረሙስ?" አለ ሀብታሙ።

"አወጣነው!" አለ አያ ስማቸው ደረቱን ነፍቶ።

"ሙሉውን?"

"ሙሉውን! ሥሩ እንኳ አልቀረም። በራሳችን ጉልበት እኮ ነው፣ ማንም አላገዘን።"

ሀብታሙ የራስ ቁሩን አወለቀና ራሱን አከከ። "ምን አስቸኮላችሁ?" አለ።

የሰማሁት ነገር ጆሮዬ አልገባ አለኝ። አያ ስማቸውም ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ሀብታሙ ሐሙስ ረጂዎቹ ከላይ እንደሚመጡ፣ ባሕሯን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሆነ ነገረን። የላክነው ማመልከቻ "በእምቦጭ የተወረረ ሐይቅ" ነው የሚለው። ጀልባ፣ አረሙ ወደ ባሕሯ በሚገባው ጅረት በኩል እንዳይመለስ የሚያግድ መረብ፣ ዓመቱን ሙሉ ብቅ ያለውን የሚለቅም ጠባቂ፣ ሁሉም የተጠየቀው በዚያ ስም ነው።

"ንጹሕ ውሃ አሳይቼ ምን ብዬ ልጠይቅ?" አለ ሀብታሙ። "ለጤነኛ ሰው መድኃኒት ይገዛል?"

"ታዲያ ምን ይሻላል?" አለ አያ ስማቸው።

ሀብታሙ ጉብታው ላይ ያለውን ክምር አየ። ላዩ ደርቋል፤ ሥር ሥሩ ግን ገና አረንጓዴ ነው። ብዙ አየው። ከዚያ ሞተሩን አስነሣና "እኔ ምንም አላልኩም" አለ። እውነትም ምንም አላለም።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ ኮሚቴው በሙሉ ቤታችን መጣ። አባቴ አግዳሚው ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አያ ስማቸው ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ካዞረ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"አባ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ሐሙስ ግዝቱን ይፍቱልን፣ ዓርብ ይመልሱታል።"

አባቴ ዳዊቱን አጠፉ። "ግዝት እኮ የጥጃ ገመድ አይደለም ስማቸው። ጠዋት ፈትተህ ማታ የምታስረው?"

"ትንሽ ብቻ ነው አባ። ዳር ዳሩን። ሰዎቹ አይተው ይሄዳሉ፣ እኛ እንለቅመዋለን።"

"ባሕሯ ንጹሕ ናት። ለምን ታቆሽሿታላችሁ?"

"ንጹሕ ሆና አትቆይማ!" አለ አያ ስማቸው። እዚህ ላይ እውነቱን ነበር። "ዘሩ ጭቃው ውስጥ ተቀብሯል። ነገ ይበቅላል። ያለ ጀልባ፣ ያለ ጠባቂ እስከ መቼ በደቦ እንችለዋለን? ሰው እርሻ አለው። እኔ ለራሴ ኪስ ነው እንዴ የምለምነው?"

"አውቃለሁ ለራስህ እንዳልሆነ።"

"እንግዲያስ?"

"እንግዲያስ እውነቱን ንገሯቸው። እኛ አወጣነው፣ እንዳይመለስ እናንተ አግዙን በሏቸው። ምን ያስፈራል ይሄ?"

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ስማቸው እንደ ልጅ የሚያባብል ድምፅ አወጣ። "አባ፣ እርስዎ መቅደሱን ያውቃሉ። የገንዘብ ሰዎችን ግን አያውቋቸውም።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ ብያለሁ፤ እውነት ይመስለኝ ነበርና። ረጂ የሚረዳው የተቸገረውን ነው። ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ያየነው ነው። ጎተራው ባዶ የሆነ እህል ያገኛል፣ ጎተራውን ያልጨረሰ "አንተ ምን ጎደለህ" ይባላል።

"እኔ አልፈታም" አሉ አባቴ። "የምትሠሩትን አላዝዛችሁም። አልፈታም ግን።"

ልሸኛቸው እስከ አጥሩ ወጣሁ። አንዳንዱ በአገውኛ ያጉረመርማል። አንዱ "በቃ፣ ገንዘቡን ቄሱ ከለከሉን በሉ" አለ። አያ ስማቸው ግን ቆሞ ነበር። አጥሩ ጋ የታሰረውን የራሱን ፈረስ አንገቱን እያሻሸ፣ "ቆዩ እስቲ" አለ። "የተገዘተው ሰው ነው አይደል?"

"ታዲያ ማን ይገዘታል?"

"ፈረስ አይገዘትም ማለቴ ነው።"

መጀመሪያ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ሳቁ ለምን እንደቀነሰ ያኔ ገባኝ። እኛ ጋ ፈረስ የቤት ልጅ ነው፤ በበዓል አጊጦ የሚወጣ፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር የሚገኝ። ባለቤቱ የማይደፍረውን ነገር በፈረሱ ጀርባ አድርጎ ማሳለፍ ይቻላል ብሎ የሚያስብ ሰው ሌላ አገር ያለ አይመስለኝም።

ለአባቴ ነገርኳቸው። "ያደርጉታል?" አሉኝ።

"ያደርጉታል አባዬ።"

"አያደርጉትም" አሉ። ራት ቀረበ፣ በሉ። ረቡዕም ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ስለዋለ እኔም ልቤ ረጋ አለ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ባሕሯ ስወርድ ፈረሶቹ ዳር ላይ ተሰልፈዋል። ለእንግዳ አቀባበል ነው ተብሎ በበዓል ልብሳቸው ነው የመጡት፤ ራሳቸው ላይ ያለው ልባብ በቀይና በቢጫ ክር ያጌጠ፣ ጀርባቸው ላይ የጌጥ ጨርቁ ግላስ የተዘረጋ። በዚያ ሁሉ ጌጥ ላይ ከክምሩ ሥር የተመዘዘ እርጥብ እምቦጭ ተጭኗል። የጎረቤታችን እትየ ትርንጎ የባሏን ፈረስ ልጓም ይዛ ቆማለች። እትየ ትርንጎ አባቴ ያጋቧት፣ ልጆቿን ሁሉ ክርስትና ያነሱላት ሴት ናት።

"ምን እየሠራሽ ነው እትየ?" አልኳት።

"እኔ ምን ሠራሁ? ውሃ ላጠጣው ነው" አለችኝ። ዓይኔን አላየችም።

የፈረሱን ቂጥ መታ አደረገችው። ፈረሱ ገባ። እስከ ሆዱ ሲደርስ አረሙ ከጀርባው ላይ ራሱን ችሎ ተንሳፈፈ፤ ማንም በእጁ አልነካውም። ሌላው ፈረስ ተከተለ፣ ሌላውም። ፈረሶቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚገቡት፤ ከከበዳቸው ነገር ይገላገላሉ፣ ውሃም ይጠጣሉ። ሰዉ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ትንሽ ቆይቶ መሳሳቅ ተጀመረ። "የአያ ስማቸው ፈረስ እኮ ንስሐ ሊገባ ነው!" አለ አንዱ። ባሕሯ በዳሩ በኩል አረንጓዴ እየሆነች መጣች።

አባቴ መቼ እንደደረሱ አላየሁም። ሳቁ ሲቋረጥ ነው ዘወር ያልኩት። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ጥምጥማቸውን ፈተው በላዩ አደረጉ። ማንንም አላናገሩም፣ ማንንም አልረገሙም። ውሃው ውስጥ ገቡ፣ ከፊታቸው ያገኙትን እምቦጭ በሁለት እጃቸው ታቀፉና ወደ ዳር አወጡት። ተመልሰው ገቡ።

እርግጠኛ ነበርኩ፤ አሁን አንድ ሰው ይገባል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይገባል፣ ሁሉም አፍሮ ይገባል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልገባም። ከማፈር ብዛት መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ግን አልገቡም። ይባስ ብሎ በወዲያኛው በኩል አንድ ፈረስ ገባ። አባቴ ወደዚያ ሄዱ። የፈረሱን ግንባር ዳበስ አድርገው አረሙን ከጀርባው አነሱለት።

"አባ፣ ይውጡ በፈጠረዎት! ይበርድዎታል!" አለ አያ ስማቸው ከዳር ሆኖ። በእጁ መንገዱን አሳያቸው። "መኪናው ደርሷል እኮ!"

እሳቸው ወደ ሌላ አረም ተራመዱ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ልገባ ስል በእጃቸው ከልክለውኝ "አንቺ ዳር ቁሚ" አሉኝ። መኪናው አቧራውን እያስነሣ ቁልቁል ሲወርድ አባቴ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ፤ ነጭ ጺማቸው ላይ አረንጓዴ ቅጠል ተለጥፎበት።

ከመኪናው ሦስት ሰዎች ወረዱ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ጎልማሳ ሴት። ሀብታሙ ከኋላቸው ነው። ሴትየዋ አለቃቸው እንደሆነች ወዲያው ያስታውቃል፤ ቦቲ ጫማ አድርጋለች፣ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብላ ነው ሰላምታ የሰጠችው። ፈረሰኞቹ አንድ ዙር ጋልበው ተቀበሏት። የፈረሶቹ ግላስ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤ እሷ ግን ያየችው አባቴን ነው።

"እሳቸው ምን እያደረጉ ነው?" አለች።

አያ ስማቸው ሀብታሙን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ሐዘንተኛ ሰው ራሱን እየነቀነቀ፣ "እሳቸው ትንሽ አእምሯቸውን ያማቸዋል" አለ። "ተዉዋቸው፣ ሰው አይጎዱም።"

አንድ ሰው "ኧረግ! ምን ማለትህ ነው?" ይለዋል ብዬ ዞርኩ። ከአያ ስማቸው ጎን ያለው ሽማግሌ "አዎ፣ ያማቸዋል" አለ። ሌላው "ቆየባቸው" አለ። እትየ ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከንፈሯን መጠጠች።

"ውሸት ነው!" አልኩ። ጮኼ ነው ያልኩት። "አባቴ ናቸው! ያመማቸው ነገር የለም! እነዚህ..."

"ይታይሽ!"

አባቴ ናቸው። ከውሃው ውስጥ። "ተይ ልጄ" አሉ።

ሴትየዋ እስከ ውሃው ጠርዝ ሄደች። "አባ፣ ደኅና ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።"

"ምን እያደረጉ ነው እዚህ ብርድ ውስጥ?"

አባቴ ቀና ብለው ዳር የቆመውን ሰው አዩት። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ አንድ በአንድ። ያጠመቋቸው፣ ያጋቧቸው፣ ሰው የማይሰማውን ኃጢአታቸውን ሰምተው የፈቷቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም የሚሉትን ይጠብቃል።

"አላውቅም ልጄ" አሉ አባቴ። "ሲያመኝ እንዲህ ያደርገኛል።"

አባቴ ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሴትየዋ እጇን ሰጥታ አወጣቻቸው። የራሷን ሹራብ አውልቃ ደረበችላቸው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች። አያ ስማቸው የተዘጋጀበትን ንግግር ጀመረ፤ አረሙ እንዴት እንደወረረን፣ አቅም እንዳጣን፣ እጃችንን አጣጥፈን የእነሱን መምጣት ስንጠብቅ እንደነበር። ሀብታሙ ራሱን ይነቀንቃል። ሴትየዋ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰማችው።

"እኔ የሰማሁት ሌላ ነበር" አለች። "ግምጃ ቤት አካባቢ ያለ ሕዝብ በራሱ ደቦ እምቦጩን ነቅሎ ጨረሰ ብለው ነግረውን ነው የመጣነው። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው። ከዜሮ ተነሥቶ ሐይቅ ለማጽዳት አይበቃም። ያጸዳ ሕዝብ ካገኘን ግን ጀልባውንም፣ መረቡንም፣ የጠባቂውንም ደመወዝ እንችላለን ብለን ነበር።" ውሃውን አየት አደረገችና፣ "ወሬው ስሕተት ነው ማለት ነው" አለች።

ሀብታሙ ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሰማይ አነሣው።

"አጽድተን ነበር!" አለ አያ ስማቸው። "ሙሉውን አጽድተን ነበር እኮ!"

"መቼ?"

"በቅርቡ! ባለፈው ጊዜ!"

"ይሄስ ታዲያ?"

ምን ይበል? ፈረሶቹ አጠገቡ ቆመዋል፣ ከአንዱ ልባብ ላይ የእምቦጭ ሥር ተንጠልጥሏል። "ተመልሶ በቀለብን" አለ።

"በዚህ ፍጥነት ከተመለሰማ ደቦው አልሠራም ማለት ነው" አለች ሴትየዋ። በቁጣ አልነበረም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ለአባቴ ጎንበስ ብላ መስቀል ተሳለመች፣ ሹራቧን ሳትወስድ ሄደች። "እናያለን" ብላን ነበር። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

መኪናው ከዓይን ሲሰወር ሰው ይቅርታ የሚጠይቅ መሰለኝ። አያ ስማቸው ወደ አባቴ መጣ። ዓይኑ ደም መስሏል። "አባ፣ አንድ ቃል! አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩልን ምን ነበረበት? ደቦውን የመሩት እርስዎ ነዎት! 'አጽድተናል' ቢሏት ታምንዎት ነበር!"

"እውነት ነው፣ ዝም አሉ እኮ!" አለ ሌላው።

"ግዝቱን ስላልፈቱ ነው፤ ያኔም ልባቸው ከእኛ ጋር አልነበረም" አለ ሦስተኛው።

"እብድ ብለህ ያስተዋወቅኸውን ሰው ነው እሷ የምታምነው?" አልኩት አያ ስማቸውን። ሰዎች እጄን ይዘው ባያስቆሙኝ ፊቱን እቧጥጠው ነበር። አባቴ ግን ጋቢያቸውን አንሥቼ እንዳለብሳቸው ምልክት ሰጡኝ፤ አለበስኳቸው፤ ወደ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ "አልተቀየምኩም" አሉኝ። እኔ ግን ተቀይሜ ነበር፣ እሳቸውንም ጭምር።

የቀረውን ባሳጥረው ይሻላል። እምቦጭ ሲቆራረጥ ቁራጩ ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ፈረሶቹ በኮቴያቸው ረግጠው ከታትፈውት ነበር፤ ነፋሱ ደግሞ ወደ መሐል ወሰደው። በማግስቱ ሊለቅሙ የወጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ እነሱም እርስ በርስ ተዘላልፈው ተበተኑ። ኮሚቴው ደቦ ሲጠራ ያልታሰበ ጥያቄ መጣ፤ "አበል አለው?" ተባለ። ድንችና ጠላ ይበቃቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው ይህን የጠየቁት። አንዴ ገንዘብ ሊከፈልበት ነው የተባለ ሥራ በነጻ አይሠራም፤ ገንዘቡም አልመጣ፣ ሥራውም ቀረ። ዛሬ ባሕሯ ከዳር እስከ ዳር ሐምራዊ ናት። ባለፈው ጥምቀት ታቦቱ የወረደው ሜዳ ላይ ነው፤ ውሃው በጋሪ በመጣ ሮቶ ውስጥ ተባረከ። ካህናቱ ሲረጩ የፕላስቲክ ሽታ ነበረው።

አባቴን ያስረጃቸው ግን ይህ አይደለም። ከዚያ ሐሙስ በኋላ የንስሐ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ሌላ ነፍስ አባት ያዙ። አንዱ "ሩቅ ሆኑብኝ" አለ፣ ቤቱ ከአጥራችን ማዶ ነው። ሌላው ምክንያት እንኳ አልፈለገም። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እሳቸው ጋ ቢመጡ ሊናዘዙት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ያው ነገር ነው። ያንን ከመናገር ቄሱን መቀየር ቀለላቸው። አባቴ አሁን ይቀድሳሉ፣ ቤት ይመጣሉ፣ ዝም ይላሉ። ድንበር የተጋፋ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚሄደው። "ገዝቻለሁ" የሚለውን ቃል ከአፋቸው ዳግመኛ ሰምቼው አላውቅም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች "ድህነት ነው ያስደረጋቸው" ትሉ ይሆናል። እኔ አልቀበላችሁም። በደቦ ባሕር ያጸዳ ሕዝብ ድሃ አይደለም። ያጠፋን፣ ለእርዳታ የሚያበቃን ቁስላችን እንጂ ሥራችን አይደለም ብለን አምነን መቀመጣችን ነው። ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ሲያስተምረን ግን ኖሯል፣ እኛም ጎበዝ ተማሪዎች ነን። ቁስል ሲጠፋብን በፈረስ ጭነን እናመጣለን። እናንተም መንደር ውስጥ የሚጠየቅ እርዳታ ካለ፣ ጠያቂዎቹ ምን ጥፋት እየደበቁ እንደሆነ ሳይሆን ምን መልካም ሥራ ሠርተው ደብቀው እንደሆነ ጠይቁልኝ።

አባቴንስ? አባቴን ለብዙ ጊዜ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር። የእነሱን ነውር ለመሸፈን የራስዎን ስም ለምን ሰጡ? እነሱ ይገባቸው ነበር? አልጠየቅኋቸውም። "ልጆቼ ናቸው" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ያን መልስ ደግሞ መስማት አልፈልግም። እኔም ልጃቸው ነበርኩ፣ ያን ቀን ዳር አቁመውኝ የመረጡት እነሱን ነው።

አሁን እንጅባራ ነው የምኖረው። ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ኮሚቴ የሚባል ነገር ውስጥ አልገባም፤ የዕድር ጸሐፊ ሁኚ ሲሉኝ እንኳ እጄን ያመኛል እላለሁ። ከሠፈራችን ሰው ሲመጣ ግን ፊቴን አላዞርም፣ አስተናግዳለሁ።

በቅርቡ እትየ ትርንጎ መጣች። የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ ነው። አቅፋ ሳመችኝ፣ ከብቱን፣ እህሉን፣ ዝናቡን አወራችኝ። ማሽኑ እስኪሞቅ ወንበር ሰጠኋት።

"አባትሽስ?" አለችኝ። "ተሻላቸው ወይ?"

"ከምኑ?" አልኳት።

"ካመማቸው ነዋ። ከዚያ ከአእምሯቸው።"

ፊቷን ትክ ብዬ አየሁት። እፍረት ፈለግሁበት፣ ተንኮል ፈለግሁበት፣ ቢያንስ መሽኮርመም ፈለግሁበት። አንዱም የለም። ከንፈሯን እየመጠጠች መልሴን ትጠብቃለች። ከልቧ ነበር የምትጠይቀኝ።